አንድ ደቂቃ ብቻ የፈጁ ክፍሎች

ሴትዮዋ ከ304 ወጣች። ዴናሊስ ስልኳን አየች። አንድ ደቂቃ። እንዲያውም አልሞላም።

301 ውስጥ ሰባት ደቂቃ ቆይታለች። 302 ውስጥ ስምንት። 303 ውስጥም ስምንት። እዚህ ግን መሰላሏን ይዛ ገብታ፣ መሰላሏን ይዛ ለመውጣት አንድ ደቂቃ በቃት።

ዴናሊስ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «304፦ 1» ብላ ጻፈች። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገች። ትንሽ አሰበችና ሌላ ጨመረችበት።

«304ስ?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ዶን ሆቪኖ ናቸው። በራቸውን ገርበብ አድርገው ከውስጥ ይሰማሉ። እሷ ደግሞ ከበሩ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች።

«አንድ ደቂቃ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። ገብታ ወጣች።»

ሽማግሌው ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። «አላልኩሽም? ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅይ።»

የዛሬው ሥራ የእሳቸው ሐሳብ ነው። ዴናሊስ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቷ ለመመረቅ አርባ ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠይቃል። እሷ ይህንን የአረጋውያን መኖሪያ የመረጠችው ለቤቷ ስለሚቀርብ ነበር። አሁን ሠላሳ ሦስት ሰዓት ሞልታለች። ከሠላሳ ሦስቱ ሃያ ያህሉን ያሳለፈችው ከዶን ሆቪኖ ጋር ዶሚኖ ስትጫወት ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ረጅም ናቸው፤ የስኳር ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ መካኒክ ነበሩ። በጨዋታ አይራሩላትም። ስትሸነፍ «ሂጂ ቤትሽ አልቅሺ» ይሏታል። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ማልታ ይከፍቱላታል። ለእናቷ የማትነግረውን ለእሳቸው ትነግራለች።

ዛሬ መምህራን ስብሰባ ስላላቸው ትምህርት የለም። በጠዋት ስትመጣ ዶን ሆቪኖ በር ላይ ጠበቋት።

«ከዋና ከተማው፣ ከሳን ሁዋን፣ አንዲት ሴት መጥታለች» አሏት። «የእሳት መዝጊያ መርማሪ ነኝ ትላለች። ሰዓት ትይዥልኛለሽ። እያንዳንዱ ክፍል ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት ትጽፊያለሽ።»

«የእሳት መዝጊያ ደግሞ ምንድን ነው?»

ወደ መታጠቢያ ቤታቸው ወስደው አሳዩዋት። ግድግዳው ላይ፣ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ ፍርግርግ አለ። ከፍርግርጉ ጀርባ ከምድር እስከ ጣሪያ የሚወጣ የአየር ማውጫ አለ፤ ጫፉ ላይ ነፋስ የሚያሽከረክረው ቆብ ተቀምጧል። ከፍርግርጉ ወደ ማውጫው በሚያስገባው አፍ ላይ የታጠፈ የብረት መዝጊያ ተሰቅሏል። እሳት ሲነሳ ሙቀቱ መስቀያውን ያቀልጠዋል፤ ብረቱ ይወድቃል፤ ጭሱ አይገባም። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሰው መጥቶ ያየዋል።

«ታዲያ ብታየው ምን አለበት?» አለች ዴናሊስ።

«ማየቷ አይደለም። ሳታይ አየሁ ማለቷ ነው። አንዳንዱ በሩን ከፍቶ ይዘጋና አልፏል ብሎ ይፈርማል። እሳት ሲመጣ የሚቃጠለው ፈራሚው አይደለም።»

ይህ ለዴናሊስ ልክ መሰላት።

ሦስተኛው ፎቅ ሁሉ ዛሬ በጥርጣሬ ተወጥሯል። የ304ቷ ዶኛ ካሲልዳ በመራመጃ ምርኩዛቸው እየተንቀጠቀጡ ወጥተው ሴትዮዋን ከኋላ አፍጥጠው ያዩዋት ጀመር።

«የመጣችው ለመዝጊያ አይደለም» አሉ ለዴናሊስ፣ ሹክ ያሉ እየመሰላቸው በጩኸት። «ይህ ቤት ከባሕሩ ፊት ነው። ሆቴል ሊሠሩበት ይፈልጋሉ። ሰበብ ይፈልጉብንና በፌስታል ሰብስበው ያስወጡናል።»

«ክፍልዎ ውስጥ ምን አደረገች?»

«ባትሪ አበራች። ፎቶ አነሳች። ሄደች። ደህና ዋሉም አላለች።»

ሴትዮዋ ዙልማ ትባላለች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል። አጭር፣ ደረቅ፣ ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች ናት። ሰላም ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ አፏን አትከፍትም። ይህ ዝምታዋ ራሱ ዴናሊስን አላስደሰታትም። ንጹሕ ሰው ያወራል ብላ ታስባለች።

የቤቱ የጥገና ሠራተኛ ዊሎ የቆሻሻ ጋሪውን እየገፋ መጣ።

«ዴና፣ ፖሊስ ሆነሻል አሉ!»

«አቦ ተወኝ ዊሎ፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራ? ደመወዝሽ ስንት ነው?»

«ከአንተ ይበልጣል።»

«እሱስ እውነት ነው» አለና እየሳቀ አለፈ። ከዚያ ተመልሶ ኪሱ ውስጥ ከነበረው የማንጎ ከረሜላ አንድ ወረወረላት። ሦስት ትንንሽ ልጆች ስላሉት ኪሱ ከረሜላ አያጣም።

ዙልማ 305 ገባች፤ ሰባት ደቂቃ። ከውስጥ የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ጓ! 306 ገባች፤ ስምንት ደቂቃ፤ እዚያም ጓ! አለ። 307 ገባች። ድምፅ የለም። አንድ ደቂቃ።

«307ስ?» አሉ ዶን ሆቪኖ።

«አንድ።»

«309ስ?»

«ገና አልደረሰችም፤ 308 ናት።»

«እሺ። 309ን እዪልኝ።»

እስከ ምሳ ድረስ አሥራ ስምንቱም ክፍል አለቀ። ዴናሊስ ደብተሯን ቆጠረች። አሥራ ሁለቱ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ፈጅተዋል። ስድስቱ አንድ አንድ ደቂቃ፦ 304፣ 307፣ 309፣ 311፣ 312 እና 316። ስድስት ክፍል ዘላለች ማለት ነው። ውስጧ በቁጣ ሞቀ። ከ312 በር አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗ እያየ ነው ዙልማ የዶን ሆቪኖን ክፍል ሳይቀር በአንድ ደቂቃ ጨርሳ የወጣችው!

ምድር ቤት፣ በምግብ አዳራሹ፣ ሩዝ በአተር ቀርቦ ነበር። ዶን ሆቪኖ ብዙ አልበሉም። ደብተሩን አገላብጠው አዩት። ጣታቸውን በስድስቱ ቁጥሮች ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ።

«አሁን ምን እናድርግ?» አለች።

«እናድርግ አይደለም። አንቺ ታደርጊያለሽ። ደብተሩን ይዘሽ ሥራ አስኪያጁ ባሬቶ ጋ ትገቢያለሽ። ይቺ ሴት አጭበርባሪ ናት፣ ስድስት ክፍል አላየችም፣ የጻፈችው አይታመንም ትይዋለሽ።»

«እርስዎ አይመጡም?»

«የኔን ወሬ ማን ይሰማል? ሽማግሌ ሁሉ ያጉረመርማል ይላል። አንቺ ግን ሰዓት አለሽ፤ የተጻፈ አለሽ።»

ዴናሊስ ቀሪውን ሩዝ ትታ ተነሳች።

ሥራ አስኪያጁ ባሬቶ በሩን ዘግቶ ነበር። አንኳኳችና ገባች። ዙልማ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣለች። ዊሎ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ግድግዳውን ተደግፏል። አይስቅም።

«ምንድን ነው? የአገልግሎት ሰዓትሽን ልታስፈርሚ ከሆነ ነገ» አለ ባሬቶ።

ዴናሊስ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እኚህ ሴትዮ ስድስት ክፍል አላዩም። አንድ አንድ ደቂቃ ነው የገቡት። ሌላው ሁሉ ሰባት ስምንት ነው። አጭበርብረዋል። ጽፌዋለሁ።»

ባሬቶ ዙልማን አየ። ዙልማ ዴናሊስን አየቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት።

«ቁጥሮቹን አንብቢልኝ» አለች።

«304። 307። 309። 311። 312። 316።»

ዙልማ ታብሌቷን ገልብጣ አሳየቻት። በቀይ የተጻፉ ስድስት ቁጥሮች ነበሩ። ያው ስድስቱ።

«ዓይንሽ ጥሩ ነው» አለች ዙልማ። «መዝጊያውን ለመፈተሽ ፍርግርጉን እፈታለሁ፣ መስቀያውን አላቅቄ ብረቱን እጥላለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ። ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። እንዳይወድቅ በሽቦ የታሰረ መዝጊያ ግን ምኑ ይፈተሻል? ባትሪ አብርቼ ሽቦውን ሳይ ምርመራውን አላለፈም። ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። አሁን፣ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ፣ ተመልሼ ሽቦዎቹን ቆረጥኳቸው፤ አዲስ መስቀያ አስገባሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ስድስት ቁራጭ ሽቦ ተደርድሯል። ዴናሊስ እስከ አሁን አላስተዋለቻቸውም ነበር።

«ስለዚህ» አለ ባሬቶ ወደ ዊሎ ዞሮ፣ «አንድ ሰው በስድስት ክፍል ገብቶ መዝጊያ አስሯል። ቁልፍ ያለን እኔና አንተ ነን። መሰላል ያለህ አንተ ነህ። ፒንሳ ያለህ አንተ ነህ።»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ እጄን አላስገባሁም» አለ ዊሎ።

«ታዲያ መንፈስ ነው ያሰረው?»

«እኔ እንጃ። እኔ ግን አይደለሁም።»

«ባለቤቶቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስም ላክ ብለውኛል። ነዋሪ ቢሆን በውሉ መሠረት ክፍሉን ይለቃል። ሠራተኛ ቢሆን ሥራውን ይለቃል።»

«የኔ ወረቀት ስም አይጠይቅም» አለች ዙልማ። «መቼ እንደተጠገነ ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

«የነሱ ይጠይቃል።»

ዊሎ ኮፍያውን አዞረው። መልሶ አዞረው።

ዴናሊስ ሽቦዎቹን እያየች ነበር። ስድስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስት ጊዜ ተጠምዝዘዋል። የጥምዝማዙ ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፎ በፒንሳ ተደፍጥጧል፤ እጅ እንዳይቧጭር። ይህን አሳሰር ታውቀዋለች። የዶሚኖው ጠረጴዛ እግር ሲላላ እንዲህ ነው የታሰረው። ዶን ሆቪኖ ሲያስሩት እሷ አጠገባቸው ቆማ ነበር። «ጫፍ ያስቀረ መካኒክ ደም ይፈልጋል» ብለዋት ነበር እየሠሩ።

«ሌላ የምትይው አለ?» አለ ባሬቶ።

አፏን ከፈተች። «የለም» አለች።

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠዋትን ከመጀመሪያው አሰበችው። 304ስ? 307ስ? 309ን እዪልኝ። ስለ 305 አልጠየቁም። ስለ 306 አልጠየቁም። ከክፍላቸው ሳይወጡ፣ ደብተሯንም ሳያዩ፣ ቁጥሮቹን ያውቁ ነበር። በእነዚያ ክፍሎች የሚኖሩትም ሌሎች ሰዎች አይደሉም፤ ማታ ማታ ዶሚኖ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ናቸው።

ሰዓት ያስያዟት ሴትዮዋ እንዳታጭበረብር አልነበረም። ሽቦው ተገኝቶ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ሲገኝ ደግሞ መርማሪዋን አጭበርባሪ ለማሰኘት ላኳት። ሰዓት አለሽ፣ የተጻፈ አለሽ። ፊቷ ጋለ። ሃያ ሰዓት ሙሉ ማን ፊት ነበር የተቀመጠችው?

በሩ ተከፍቶ ዙልማ የመሣሪያ ሣጥኗን ይዛ ወጣች።

«ይቅርታ» አለች ዴናሊስ። «አጭበርባሪ ብዬዎት ነበር።»

«ሰምቻለሁ። ከዚህ የባሰም ተብዬ አውቃለሁ።»

«ሽቦው ግን... ያን ያህል ይጎዳል? የምሬን ነው የምጠይቀው።»

ዙልማ ሰዓቷን አየች። «የልብስ ማጠቢያው መዝጊያ ይቀረኛል። ነይ።»

የልብስ ማጠቢያው ክፍል ምድር ቤት ነው። አራት ማድረቂያ በአንድ ጊዜ ይሽከረከራሉ። ሙቀቱ ፊት ይመታል። ዙልማ ፍርግርጉን ፈታች፤ በቀጭን መንጠቆ መስቀያውን ያዘች።

«እጅሽን አርቂ።»

ብረቱ ወደቀ። ጓ! ዴናሊስ ወደ ኋላ ዘለለች። የነበረው ቀዳዳ አሁን የለም፤ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ግድግዳ ሆኗል። ዙልማ መዳፏን ወደ ብረቱ አስጠጋች። «እዪ፤ ንፋስ የለም። ጭስም እንደዚሁ።»

«እሺ።»

«እዚህ ቤት እሳት ቢነሳ ከዚህ ክፍል ነው የሚነሳው። ከማድረቂያው ብናኝ። ጭሱ በዚህ ማውጫ ወደ ላይ ይሮጣል። የተዘጋ ሲያገኝ ያልፋል። የታሰረ ሲያገኝ ይገባል። እንግዲህ 304 ያሉት እናት በመራመጃ ነው የሚሄዱት። ከአልጋቸው ተነስተው ጫማቸውን እስኪያገኙ ድረስ...» ዙልማ ንግግሯን አልጨረሰችውም። ብረቱን ማጠፍ ጀመረች።

«ያለ እሳትስ ይወድቃል?»

«እዚህ ባሕር ዳር ይወድቃል። ጨው መስቀያውን ይበላዋል። ሲወድቅ ሰው ይጠራል፤ አዲስ ይገባል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ነዋሪዎቹ ይህን ያውቃሉ?»

«እኔ ለሥራ አስኪያጁ እነግራለሁ። ሥራ አስኪያጁ ፋይል ውስጥ ያስገባዋል።» መዝጊያውን ሰቀለችው። «ፋይል ደግሞ አያወራም።»

ዴናሊስ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። 312ን አላንኳኳችም፤ በሩ ክፍት ነበር። ዶን ሆቪኖ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አድርገው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው ፍርግርጉን ያያሉ። ከኋላው አዲሱ መስቀያ ያብረቀርቃል።

«ቆርጣዋለች» አሉ።

«ስድስቱንም ቆርጣለች።»

«ባሬቶ ምን አለ?»

«ዊሎ ነው አለ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፍርግርጉ አላነሱም።

«እርስዎ ነዎት» አለች ዴናሊስ። ጠያቂ እንዳልመሰለች ለራሷም ታወቃት። «ሽቦውን አይቼዋለሁ። ጫፉ ታጥፏል።»

«ማን ነው ብለሽ ነገርሽው?»

«አልነገርኩም።»

ዶን ሆቪኖ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። የፈራ ሰው ትንፋሽ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ነበር።

«ፕሮቪደንሲያን አታውቂያትም» አሉ። «ሚስቴ ናት። ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ መብራት ሁለት ወር ጠፋ። በየክፍሉ ሙቀቱ በዚህ ቀዳዳ ይወጣ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ያለው ቆብ ይስበዋል። የኛ ክፍል ብቻ ምድጃ ሆነ። በካርቶን አራገብኩላት። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሞተች። ከቀብር ስመለስ ያንን ፍርግርግ ፈታሁት። ብረቱ ወድቆ ቀዳዳውን ዘግቶታል። እሳት አልነበረም። ዝም ብሎ ነው የወደቀው። ጨው በልቶት።»

ዴናሊስ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ከዚያ አሰርኩት። ካሲልዳ ሰማች፤ የኔንም እሰርልኝ አለች። ከዚያ ሌሎቹ። አየር ነው የሰጠኋቸው። ሌላ ምንም አልሰጠኋቸውም።»

«ሲወድቅ እኮ ይጠገናል። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሴትዮዋ ነግራኛለች።»

«ለኔ ማን ነገረኝ?»

«ማንም።»

«ማንም» አሉ እሳቸውም።

«ልብስ ማጠቢያው ቢቃጠል ግን ጭሱ ወደ ዶኛ ካሲልዳ ነው የሚገባው። ያሰሩላቸው እርስዎ ነዎት።»

ዶን ሆቪኖ እጃቸውን አዩ። ትልልቅ እጆች ናቸው፤ ጥፍራቸው ሥር የድሮ ጥቁረት አለ።

«ዊሎስ?» አለች።

«ዊሎ ወጣት ነው። ጉልበት አለው፤ ፖንሴ ከተማ ወርዶ ሌላ ሥራ ያገኛል። እኔ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ የት እሄዳለሁ? ልጄ የሚኖረው ኦርላንዶ ከተማ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሆነው ይኖራሉ። ከዚህ ብወጣ ሶፋ ላይ ነው የምሞተው።»

«ሦስት ልጆች አሉት።»

«አውቃለሁ።»

«ስማቸውን ሁሉ ያውቃሉ!»

«አውቃለሁ አልኩ!» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ወዲያው ወረደ። «አትጩኺ። ጎረቤት ይሰማል።»

ዴናሊስ አልጮኸችም ነበር። የጮኹት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ግን ሳትጠይቅ መሄድ አልፈለገችም።

«እኔን ለምን ላኩኝ?»

«ዓይን ያስፈልገኝ ነበር።»

«ለዓይን አይደለም። ባሬቶ ፊት ውሸታም አደረጉኝ። ሴትዮዋን ሰደብኳት።»

«አንቺን ያምኑሻል ብዬ ነው።»

«እኔም እርስዎን አምኜ ነው።»

ዶን ሆቪኖ ወደ ፍርግርጉ ዞሩ። ከጎረቤት ክፍል የሬዲዮ ዘፈን ይሰማል፤ አንድ ሰው ዝቅ አደረገው። ዶኛ ካሲልዳ መሰሏት፤ ሁልጊዜ ወሬ ሲኖር ሬዲዮ ይቀንሳሉ። የእሳቸው ክፍል ግን ሩቅ ነው። የቀነሰው ሌላ ሰው ነው። ዛሬ በዚህ ፎቅ ጆሮ ያልዘረጋ የለም።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው የተባለው» አለች ዴናሊስ። «አሁን ስምንት ሰዓት ሊሞላ ነው።»

«ነገ ድረስ ታገሺኝ። ለልጄ ልደውል።»

«ነገ ዊሎ የለም።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው?»

ለእኔ ምንም፣ ልትል ነበር። አላለችውም። ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። የዛሬውን ገጽ ቀደደችና አልጋቸው ላይ አኖረችው። ስድስቱ ቁጥሮች ወደ ላይ ሆኑ።

«እኔ ባሬቶ ጋ እወርዳለሁ» አለች። «በደረጃው ነው የምወርደው። ሊፍቱ ባዶ ነው፤ ከእኔ ይቀድማል።»

ዶን ሆቪኖ አዩዋት። ገብቷቸው እንደሆነ ከፊታቸው ማንበብ አልቻለችም። ዶሚኖ ሲጫወቱም ፊታቸው እንዲህ ነው፤ ምን ድንጋይ እንደያዙ አይታወቅም።

ወጣች።

ደረጃው ጨለም ያለና ሙቀት ያለበት ነው። ሠላሳ ስድስት እርከን ነው እስከ ምድር። አሥራ ሁለቱን ወርዳ ቆመች። አዳመጠች። ሊፍቱ አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ያቃስታል። ምንም አልተሰማም። ተጨማሪ ስድስት ወረደች። ቆመች። ከላይ በር ተዘጋ፤ የማን በር እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ዶን ሆቪኖ ዘግተውባት ይሆናል። ጎረቤት ይሆናል።

ቢመጡስ ምን ይላሉ? ዊሎ አይደለም እኔ ነኝ ይላሉ? ወይስ ቀድመው ገብተው ልጅቷ ዋሽታለች ይላሉ? እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመጣባትም ነበር። አሁን መጥቷል፤ አልወጣ አለ። ምድር እስክትደርስ አብሯት ወረደ።

ባሬቶ በር ፊት ዊሎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። የሥራ ልብሱን አውልቆ ጭኑ ላይ አጥፎታል። ሲያያት ለመሳቅ ሞከረ።

«ፖሊሷ፤ ምን አገኘሽ?»

«ተቀመጥ ዊሎ። እንዳትሄድ።»

«የት እሄዳለሁ?»

ከሊፍቱ በር በላይ ያለው ቁጥር 3 ይላል። ዴናሊስ ቁጥሩን አየችው። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አልቆጠረችም፤ ዛሬ ሰዓት መያዝ በቅቷታል። ቁጥሩ አልተለወጠም።

በሩን አንኳኳች።

«ግቢ» አለ ባሬቶ።

እጀታውን ይዛ ከፈተች። ባሬቶ ከወረቀቱ ቀና አለ። ዙልማ ሣጥኗን ዘግታ ለመሄድ ተነስታለች።

«እህ?» አለ ባሬቶ። «አሁን ደግሞ ማን ነው አጭበርባሪው?»

ከኋላዋ ሊፍቱ አቃሰተ።

ዴናሊስ አልዞረችም። በውስጡ ማን እንዳለ አላወቀችም፤ ሊናገሩ የመጡትንም አላወቀች። ማንም ቢመጣ ስለ ሽቦው የምትናገረውን እውነት ግን ታውቃለች። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባች፤ በሩን ግን አልለቀቀችውም። በጀርባዋ ደግፋ፣ ወለል አድርጋ ከፍታ ያዘችው።